እምቢ የሌለበት ካርድ

የመዝገብ ቤታችንን ኃላፊ «ካርቦን» ነበር የምንለው። ከበላይ የተባለውን አንዲት ነጥብ ሳያጎድል ወደ ታች ያስተላልፋል፤ የራሱን ቃል ግን ሲናገር የሰማ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረ። እኔ የግቢው በር ጠባቂ ስለነበርኩ ሲገባም ሲወጣም አየዋለሁ። አለቃ ሲያይ ወገቡ እስኪቀነጠስ ይጎነበሳል፤ ለእኛ ግን የእግዜር ሰላምታ እንኳ ከአፉ የምትወጣው እንደ መንጋጋ ጥርስ ተነቅላ ነው።

ጡረታ የወጣው ከእታለም ጋር በአንድ ወር ነው። እታለም የፎቁን ደረጃ ሃያ ስድስት ዓመት የወለወለች የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ትልቁም ትንሹም እታለም ነው የሚላት። መሥሪያ ቤቱ ለሁለቱ አንድ አዳራሽ፣ ስልሳ ወንበር፣ ሻይና ብስኩት ፈቀደና «ተጋግዛችሁ እንግዶቻችሁን ጥሩ» ተባሉ። ካርቦን ሬት የቀመሰ መሰለ። ስሙ ከመጥረጊያ ጋር አንድ ካርድ ላይ ሊወጣ!

«ጥሪውንም መልሱንም እኔ እይዛለሁ፤ አንቺ አትድከሚ» አላት።

«ያዘው ወንድምዓለም። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። እህቴ ጉልበቷ አይችልም፤ ሰዎቼ ቆመው እንዳይውሉብኝ። ሃያ አምስት ቢሆኑ ነው።»

«መልሳቸው በጽሑፍ ይምጣ እንጂ ወንበር አያጡም።»

ካርዱ ለእኔም ደረሰኝ። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ሳላነብ አላልፍም። ከግርጌው ተቀዶ የሚመለስ ቁራጭ አለው፤ «በታላቅ ደስታ እገኛለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የፊርማ ቦታ። ገልብጬ አየሁት። ከዚያ ሌላ ምንም የለበትም።

«ጌታው፣ የማይመጣ ሰው የቱ ላይ ይፈርማል?» ብዬ በሩ ላይ ጠየቅሁት።

«የማይመጣ ሰው አልጠራሁም» ብሎኝ አለፈ።

ካርዱን ለየሹሙ ራሱ እያደረሰ፣ ፊርማው እስኪያርፍ እራስጌው ላይ እንደ ቁራ ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ምን ያድርግ? ይፈርምና ይገላገለዋል። አርባ ስምንት ፊርማ ሰብስቦ በክር አሰረ።

እታለም ደግሞ በየክፍሉ እየዞረች «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምም» ትላለች። አልችልም ያላትን «ግድ የለም፣ ልብህ ደርሶኛል» ብላ ታልፈዋለች። የሚመጡትን በጣቷ ቆጥራ ሃያ ሁለት አለች።

«የጣት መዝገብ!» ብሎ ሳቀባት። «ከስልሳው የተረፈው አሥራ ሁለት ነው፤ እሱ ይብቃሽ።»

«ቃልህስ?»

«የእኔ ቃል መዝገቡ ነው።»

ጥሪው ለዘጠኝ ሰዓት ነበር። ስምንት ተኩል ላይ የሥራ አስኪያጁ መኪና ከግቢው ሊወጣ በሩ ላይ ደረሰ። ጠጋ ብዬ «ጌታዬ፣ ግብዣው ዛሬ አይደለም እንዴ?» አልኩት። መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ፈረምኩለት እኮ! ደግሞ ምን ቀረው?» ብሎ ሄደ። በሩን ለባልደረባዬ አስረክቤ ወደ አዳራሹ ገባሁ።

በአርባ ስምንቱ ወንበሮች ጀርባ ላይ የየፈራሚው ስምና ማዕረግ ተለጥፏል። ከእነዚያ ሁሉ የመጡት ዘጠኝ ናቸው። የእታለም ሰዎች ግን አንድም አልቀረ፤ አሥራ ሁለቱ ተቀምጠው ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈዋል። እህቷ እግሯን እየጎተተች የደረሰችው መጨረሻ ላይ ነው። የክንድ መደገፊያ ያለው አንድ ወንበር አየችና እጇን ጣል ብታደርግበት ካርቦን እየሮጠ መጣ።

«እመቤቴ፣ ተይው! የሥራ አስኪያጁ ነው፤ ተፈርሞበታል!»

ሴትዮዋ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። እታለም ከሻዩ ጠረጴዛ ተነስታ መጣች።

«ወንድምዓለም፣ ፊርማ ይደክመዋል እንዴ?» አለችው።

የሥራ አስኪያጁን ስም ከወንበሩ ላጠች፤ ለሁለት አጥፋ መዳፉ ላይ አኖረችለትና እህቷን ደግፋ አስቀመጠች። ይኼን ጊዜ ግድግዳ የተደገፈው ሁሉ ተንቀሳቀሰ። አንዱ «እንካ ጌታው» ሌላው «ይኼንንም ያዝልኝ» እያለ ስሙን እየላጠ አስታቀፈው። እኔም የአንድ መምሪያ ኃላፊ ስም አቀብዬው ተቀመጥኩ።

«ዘግይተው ነው... ይመጣሉ» አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ፣ «የሥራ አስኪያጁ መኪና ግቢ ውስጥ ናት አይደል?»

«ፈርሟል እኮ» አልኩት። ከዚያ ያለፈ መልስ የሚገባው ሰው አልመሰለኝም።

ሻይ ሲታደል ብቻውን በሩ አጠገብ ቆሞ ወረቀቶቹን በፊደል ተራ ያስተካክል ነበር። እታለም ከጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ መታ መታ አድርጋ «ና እንጂ፣ ሻይህ በረደ» አለችው። መጣ፤ ሳይቀመጥ ግን ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ጀርባ አየ፤ የማን ስም እንዳለበት ሊያረጋግጥ።