የእትዬ ደቂቃ ሰሌዳ

ባለቤቴ በየማለዳው ስልሳ ሁለት አውቶቡሶችን ከዴፖ ታስወጣለች። የስምሪት ክፍል ኃላፊ ናት። የትኛው ሾፌር በየትኛው መስመር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ የምትመድበው እሷ ናት። አንድ ሾፌር ሦስት ደቂቃ ቢዘገይ ምክንያቱን አፉን ከፍቶ ሳይናገር እሷ ትነግረዋለች። ሾፌሮቹ "እትዬ ደቂቃ" የሚል ስም አውጥተውላታል፤ የሚጠሯት ግን ከኋላዋ ነው። ፊት ለፊት የምላት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም ቀን መርጬ።

እንዲህ ያለች ሴት ያገባ ሰው ቤቱ በሰዓት የሚሄድ ይመስላችሁ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት አልሄደም። ሦስት ልጆች አሉን፦ ትልቋ አሥራ አራት፣ መካከለኛው አሥር፣ ትንሹ ስድስት ዓመታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ቤታችን እሳት የተነሣበት ይመስል ነበር። አንዱ ካልሲ ይፈልጋል፣ አንዷ ማበጠሪያ ትፈልጋለች፣ እኔ መነጽሬን እፈልጋለሁ። ሥራዬ መነጽር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌንስ እየሞረድኩ ለሰው ፍሬም ውስጥ እገጥማለሁ፣ የራሴን ግን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን አተራምሳለሁ። አንድ ቀን ትንሹ የፒጃማ ሱሪውን እንደለበሰ ትምህርት ቤት ደረሰ። አስተማሪው ደውሎ "ልጁን አሞታል እንዴ?" ብሎ ሲጠይቅ ባለቤቴ ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን ዘጋች። በማግሥቱ ከዴፖ የተጣለ አሮጌ ነጭ ሰሌዳ ተሸክማ መጣች።

ሰሌዳው ከፍሪጁ አጠገብ ተሰቀለ። በግራ በኩል ስማችን፣ ከላይ የሳምንቱ ቀናት፣ መሐሉ ላይ የየሰዉ ሥራ። ሥራውን የጨረሰ ሰው በክር በተንጠለጠለው ማርከር ራይት ያደርጋል። ከሰሌዳው ጋር ደንብም መጣ። ጫማ ከራት በኋላ በሩ ሥር ይደረደራል፣ አፍንጫው ወደ ውጭ፣ ጠዋት እግር መክተት ብቻ እንዲቀር። የምሳ ዕቃ ገና ከቦርሳ እንደወጣ ይታጠባል። የትም የተገኘ ባለቤት አልባ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ዕቃዬን ያለ ሰው የቤቱን ሳህን ሁሉ አጥቦ ያስፈታል። የእኔ መነጽር ሁለት ጊዜ ታስሯል። ከደንቦቹ ሁሉ የበላይ ግን ይሄ ነበር፦ "ሠርቻለሁ አይባልም፣ ራይት ይደረጋል።" ሰሌዳው በመጀመሪያው ወር ጥሩ ሠራ ለማለት አልደፍርም። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ራይቶቹን ትቆጥር ነበር፤ ውጤታችን ከመቶ ስልሳ አካባቢ ነበር።

ያኔ ነው እናቴ ከእኛ ጋር ልትኖር የመጣችው፤ አሁን ሁለት ዓመት አለፈው። አባቴ ካረፈ በኋላ ቤቱ ሰፋብኝ አለች። የያዘችው አንድ ሻንጣና የራሷን ካውያ ነው። እማዬ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች፤ ካውያዋን ሰው ሲነካባት አትወድም። በመጣችበት ቀን ሰሌዳው ፊት ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"የእኔስ የት ነው?" አለች።

"እንዴ፣ እማማ፣" አለች ባለቤቴ፣ "እርስዎማ ይረፉ እንጂ። እስከ ዛሬ የለፉት አይበቃም?"

"እሺ፣ ካላችሁ።"

ልቤ ተነካ። ለአማቷ እንዲህ የምትል ምራት በስንት ቤት ትገኛለች? ሥራ ቦታ ሄጄ ሳይጠይቁኝ አወራሁት። እናቴ በእርጅናዋ አንድ ብርጭቆ እንኳ እንዳታነሣ የተከለከለች ሴት ናት እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ተአምር አሳየ። ውጤታችን ሰማንያ ገባ፣ ዘጠና አለፈ፣ ዘጠና ስምንት ላይ ረጋ። ባለቤቴ ይሄ የደንቦቹ ፍሬ ነው አለች፣ እኔም የትዳር ሰላም ስለምወድ ተስማማሁ። ውጤቱ መውጣት የጀመረበትን ቀን ከእማዬ መምጫ ቀን ጋር ያስተያየ አንድም ሰው አልነበረም።

በሰሌዳው ላይ የእኔ ትልቁ ሥራ ሐሙስ የታጠበውን አንሶላ ማጠፍ ነበር። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስገባ አንሶላው ሁሉ ታጥፎ ተደርድሮ አገኘሁት። ጠርዙ በሦስት ታጥፎ ጥጉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ልክ እንደ ፖስታ። ትልቋ ዛሬ ምን ነክቷት ነው ብዬ አሰብኩና ራይት አደረግሁ። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንደዚያው። በሦስተኛው ማሰቡን ተውኩት። አላወቅሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን አልጠየቅሁም። መካከለኛው ቆሻሻው ወጥቶ ሲያገኘው ራይት ያደርጋል፣ ትልቋ መታጠቢያ ቤቱ ታጥቦ ስታገኘው ራይት ታደርጋለች። ሁላችንም ሌላው ሰው ደግ የሆነ መስሎን በደግነቱ ላይ እንፈርማለን።

ዝናችን ወጣ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጥታ ደንቦቹን በመለኪያ ወረቀቷ ጀርባ ገልብጣ ሄደች። ትምህርት ቤቱም በወላጆች ስብሰባ ላይ ልምዷን እንድታካፍል ባለቤቴን ጋበዛት። ሃያ ደቂቃ ተሰጣት፣ በሃያኛው ደቂቃ ጨረሰች። ከመጨረሷ በፊት ግን ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

"ባለቤቴን ውሰዱ። አንሶላ የሚያጥፍ ወንድ አይታችኋል? ጠርዙን በሦስት፣ ጥጉን ወደ ውስጥ። እኔ ራሴ እንደሱ አልችልም። ማን አስተማረው? ሰሌዳው ነው።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እንደ ሙሽራ ግማሽ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ሚስታቸው በክርናቸው ሲጎስሟቸው ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም።

ቤት ስንገባ ትልቋ ሁሉንም ለአያቷ ተረከችላት፣ ጭብጨባው ሳይቀር። እማዬ "ጎበዝ ነው ልጄ" አለች። ያለችው ግን ወደ እኔ ሳታይ ነው። እኔም መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ፤ ቆሽሾ አይደለም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ራት ላይ "እሑድ እህትህ ጋ እሄዳለሁ" አለችኝ። እህቴ ከወለደች ገና አሥር ቀኗ ነበር።

"ለስንት ቀን?"

"እዚያ ሥራ አለ። እንግዲህ እናያለን።"

እሑድ ሻንጣዋን ሳነሣው ከበደኝ። ምን ይዘሽ ነው ብላት "ካውያዬን" አለች። አድርሻት ስመለስ ባለቤቴ ካውያው ይቀመጥበት የነበረውን ባዶ መደርደሪያ እያየች ቆማ አገኘኋት።

"ካውያቸውን ወስደዋል፣ አይመለሱም" አለች። "ምን አጎደልንባቸው? እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ ይሄን ያቀብሉኝ ብያቸው አላውቅም።"

ቤታችን በአራት ቀን ተገለበጠ። የሚገርመው ሰሌዳው አልተገለበጠም። እጃችን ለምዶ ነበርና ራይቱ በሰዓቱ ይወርዳል። መካከለኛው በር ላይ የተቆለለውን ቆሻሻ ተሻግሮ ሄዶ "ቆሻሻ ማውጣት" ላይ ራይት አደረገ። የትልቋ መታጠቢያ ቤት በሰሌዳው ላይ ያበራል፣ በአካል ግን አይገባበትም። ሐሙስ እኔ ኮቴን ሳላወልቅ ራይት አድርጌ ጋዜጣዬን ያዝኩ። የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ፍራሹ ራቁቱን ነበር፤ የታጠበው አንሶላ ከነእርጥበቱ ገንዳው ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤቴ ፍራሹን አየች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

ሰሌዳውን ከግድግዳው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችውና ሁላችንንም ዙሪያውን አስቀመጠችን። አውቶቡስ ሲጋጭ ምርመራ የምትይዘው እንደዚህ ነው።

"አንሶላ። ራይት ያደረገው ማን ነው?"

"እኔ።"

"ያጠፈውስ?"

እጄ ወደ መነጽሬ ሄደ።

"ያለፈው ሐሙስስ? ከዚያ በፊትስ?"

መካከለኛው ሳይጠየቅ ማልቀስ ጀመረ። ትልቋ "እኔ አባዬ መስሎኝ ነው" አለች። ትንሹ ብቻ ነበር በኩራት የተቀመጠው፤ ጫማ መደርደሩን ራሱ ሠርቶታል። "እናንተ ሳትኖሩ አያቴ ናት የምትሠራው" አለ ዳቦውን እያኘከ። "እኔ አይቻታለሁ። አትናገር ብላኛለች።"

ባለቤቴ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ የመጨረሻውን የታጠፈ አንሶላ አመጣች። ጥጉን በጣቷ ገልጣ አየችውና መልሳ ወደ ውስጥ ከተተችው።

"ሰው ፊት ያስጨበጨብኩት ለማን እጅ ነው?" አለችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥላም "እኔስ?" አለች። "ስልሳ ሁለት አውቶቡስ በየትኛው ሰዓት የት እንዳለ የማውቅ ሴት፣ ቤቴ ውስጥ ሰው የት እንዳለ አላውቅም።" በጣም አፈርኩ። እናቴን አሳረፍኩ እያልኩ ለሰው ያወራሁት ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አለኝ።

እሑድ ወደ እህቴ ቤት ሄድን። ባለቤቴ ሰሌዳውን በብብቷ ይዛ አውቶቡስ ስትሳፈር ሾፌሩ አወቃት። "እትዬ፣ በእረፍትዎ ቀንም ሊያሰማሩን ነው?" አላት። ሰሌዳውን አጥብቃ ይዛ ተቀመጠች። አውቶቡሱ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ተነሣ፣ ሰዓቷንም አላየች። ምን ያህል እንደፈራች የገባኝ ያኔ ነው።

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥፋለች። ጠርዙን በሦስት፣ ጥጉን ወደ ውስጥ። ባለቤቴ ሰሌዳዋን እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆመች።

"እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?" አለች።

"ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ልጄ? ስሠራ ብታዪኝ ይረፉ ትዪኛለሽ።" ጨርቁን ከደረደረችው ላይ አስቀመጠች። "እዚያ ሰሌዳ ላይ የሁሉም ስም አለ። ትንሹ እንኳ ጫማ መደርደር ተብሎ ተጽፎለታል። የእኔ የለም። ስሙ ያልተጻፈ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሁለት ዓመት አይቀመጥም።"

ባለቤቴ ሰሌዳውን ገልብጣ አሳየቻት። ከሁላችንም ስም በላይ አዲስ መስመር አስምራ "እማማ" ብላ ጽፋበታለች። በየቀኑ ሥር "ትንሹን ማጫወት" ይላል። እማዬ እኔ የሠራሁላትን መነጽር አድርጋ አነበበችው።

"ይሄ ሥራ አይደለም፣ እሱ ነው የሚያጫውተኝ" አለችና በአውራ ጣቷ አጠፋችው። ማርከሩን ተቀብላ ማክሰኞ ሥር "ካውያ"፣ ሐሙስ ሥር "አንሶላ" ብላ ጻፈች። ጥቂት አሰበችና ቅዳሜ ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል "እረፍት" አለች። "ሆስፒታሉም ቅዳሜ ይለቀኝ ነበር። ከዚህ ሌላ አልነካም። ቆሻሻው የልጁ ነው፣ እሱም እጅ አለው።" ከዚያ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። "አንተስ፣ አንሶላህን ወስጄብሃለሁ። ምን ቀረህ?"

"ያልሽኝን" አልኩ።

በስሜ ትይዩ "መታጠቢያ ቤት" ብላ ጻፈች። ባለቤቴ በልማዷ "የትኛው ቀን?" ብላ ጠየቀች።

"በየቀኑ።"

እህቴ ከአልጋዋ ሆና ስትስቅ ሕፃኑን ቀሰቀሰችው። እማዬ ግን አብራን አልተነሣችም። እዚህ የጀመርኩት ሥራ የሁለት ሳምንት ነው፣ ሳልጨርስ አልሄድም አለች። የባለቤቴ ፊት ሲጠቁር አይታ ሻንጣዋን ከፈተችና ካውያውን አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። "ይዘኸው ሂድ። እንዳትነካው" አለችኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ካውያውን እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ።

በተባለው ቀን መጣች። የቤታችን ውጤት አሁን ከመቶ ስልሳ አንድ ነው፤ ባለቤቴም ስብሰባ ላይ ልምድ ማካፈሉን ትታለች። ልብስ ሰፊዋ ግን አሁንም በቀድሞዎቹ ደንቦች ትመራለች፤ ሥራውን ሁሉ የምትሠራው ቤቷ ያለችው አማቷ መሆኗን ማን ይንገራት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ባለፈው ቅዳሜ ሻይ ፈልቶ ሲገነፍል ከሁላችንም የምትቀርበው እሷ ነበረች። ትንሹ "አያቴ፣ ገነፈለ" አላት። ወደ ሰሌዳው በአገጯ አሳየችው።

"ዛሬ ተራዬ አይደለም" አለችው።

እኔ ከመታጠቢያ ቤት በእርጥብ እጄ ሮጬ አወረድኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይረፉ፣ እረፊ ስንላት ያላረፈች እናቴ ዓይኗን ጨፍና ፀሐይ ትሞቃለች።