የካፒታኖው ማንዶሊን

ማዘንጊያ ክራር ሠሪው ሲናደድ ዝም የሚል ሰው ነበር። ዝምታው ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ሚስቱ ሸዋወርቅ ከሌላው ሰው ጩኸት ይልቅ የእሱን ዝምታ ትፈራለች። ያን ቅዳሜ ጠዋት መቀሌ ውስጥ፣ ከጨው ገበያው በታች ባለችው የድንጋይ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ፣ የጣሊያን ማንዶሊን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ትንፍሽ ሳይል ረፈደበት። እሷም ደጋግማ ብቅ እያለች ፊቱን አይታ ትመለሳለች።

ማንዶሊኑ ኮረብታው ላይ ያለው የጣሊያን ካምፕ አዛዥ፣ ከተማው ሁሉ «ካፒታኖው» የሚለው ሰው ንብረት ነው። ሆዱ ተሰንጥቆ፣ ሽቦዎቹ ተበጣጥሰው ነበር። እዚያው ካምፕ ውስጥ የሸዋወርቅ ታናሽ ወንድም ታመነ ታስሯል፤ ክሱ ለአርበኞች እህል አቀብለሃል የሚል ነው። ሰኞ ካሚዮን ጥቂት እስረኞችን ጭኖ ወደ ምጽዋ፣ ከዚያም ባሕር መካከል ወዳለ ደሴት ሊወስድ ነው፤ ታመነም ከተመረጡት አንዱ ነው ተብሏል። ከዚያ ደሴት የተመለሰ ሰው ደግሞ መቀሌ አላየችም። ታዲያ ሐሙስ ዕለት አስተርጓሚው ወልደአማኑኤል ማንዶሊኑን ከአዲስ ሽቦ ጋር ይዞ ሲመጣ የካፒታኖውንም ቃል ይዞ ነበር። እሁድ ከሰዓት ዕቃው እንደ ቀድሞው ከዘፈነ ታመነ ወደ ቤቱ ይገባል። ካልዘፈነ ግን... ወልደአማኑኤል ይህንን አልጨረሰውም።

«ኣያ ማዘንጊያ፣ ሰውዬው ጆሮ አለው። አያታልሉትም» ብሎ ብቻ ሄደ።

ማዘንጊያ በሥራው ኩሩ ነው። ከየጁ ከአንድ መኮንን ጓዝ ጋር መጥቶ እዚሁ ከቀረ ወዲህ በአካባቢው የእሱ እጅ ያልነካው ክራርና መሰንቆ የለም። የበግ አንጀት ከዓዲ ሓቂ እያስመጣ ራሱ ይፈትላል፤ ቆዳ ራሱ ይወጥራል። ይህን ጊዜም ስንጥቁን በቆዳ ሙጫ አጣብቆ፣ በገመድ ጠፍሮ አሳደረው። ሲደርቅ የማንዶሊኑን ሆድ በኑግ ዘይት እያሸ፣ የዓመታት እድፉን አስለቅቆ መስታወት አስመሰለው። ለፈረንጅ የሚመለስ ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም፤ እንዲህ ነበር የሚለው።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ሽቦው ከተወጠረ በኋላ ነው። ባዶውን ሲመታው ማንዶሊኑ ማር ነው። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ ከሌላው ጥንድ ጋር ስምም፣ ለጆሮ የሚጥም። ከዚያ በአንገቱ ላይ አግድም ከተሰኩት የናስ ዘንጎች አንዱ ጋ በጣቱ ጫን ሲያደርገው ድምፁ ይንሻፈፋል። ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይብስበታል። ከአንገቱ ግርጌ ሲደርስማ ጥርስ ያንቀጫቅጫል።

መጀመሪያ ሽቦውን ጠረጠረ፤ አዲስ ነው፣ ገና አልተሳበም አለና እየጎተተ፣ መልሶ እየቃኘ ደከመ። ያው ነው። መቃኛዎቹ እየተንሸራተቱ ይሆናል ብሎ ጠመኔ ቀባቸው፤ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም። አንገቱ ጎብጦ እንደሆነ ብሎ በአንድ ዓይኑ አነጣጥሮ አየው። እሱም እንደ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው። ፀሐይዋ ከራስ በላይ ስትወጣ ጥርጣሬው ሁሉ በናሶቹ ላይ አረፈ። የሠራቸው ሰው ቦታ ስቶ ሰክቷቸው መሆን አለበት አለና ሞረዱን አነሳ።

ሸዋወርቅ ከበሩ ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«የሞረድከውን መልሰህ ትተክለዋለህ?» አለችው።

ሞረዱን አስቀመጠ። እሷም ወንድሟን ስታስብ እንባዋ መጣና ፊቷን አዙራ ገባች።

አይ ማዘንጊያ! ጥፋቱ እኮ የራሱ ነው፤ ያውም የክራር ሠሪ ጥፋት። ክራር ላይ አውታሩ የሚመታው ባዶውን ነው፤ ማንም ወደ ዘንግ አይጫነውም። ስለዚህ ብርኩማው፣ ማለት አውታሮቹ ሆዱ ላይ የሚረማመዱባት ቁራጭ እንጨት፣ ጥቂት ወዲህ ብትል ጥቂት ወዲያ ጉዳት የለውም፤ ላይ አውታሩ የሚጠመጠምበትን ቀንበር ጠምዘዝ፣ አለቀ። ማንዶሊኑን ሲፈታም ብርኩማዋ ያልተጣበቀች ሆና ወደቀች። ሲመልሳት እንደ ልማዱ ሆዱን በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ፣ በጣም የሚጮኽበትን ቦታ መርጦ አቆማት። የቀድሞ ቦታዋ ምልክት ነበረው፣ እድፍ ያልነካው ነጭ መስመር፤ እሱንም በዚያ በኑግ ዘይቱ አብሶ አጥፍቶታል።

ይህን ሁሉ ግን ገና አላወቀም። ሐሳቡ ሲያልቅበት ጣቱ እንደ መሰንቆ ልማዱ ሽቦውን ሳይጫን፣ ነካ ብቻ አደረገ። ሽቦው ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ደገመው። ይህን ድምፅ ከመሰንቆ ያውቀዋል፤ የሚወጣው ከአውታሩ እኩሌታ ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ ቦታውን አየ። እኩሌታው ናስ ላይ አልዋለም፤ በሁለት ናሶች መካከል ክፍት ቦታ ላይ ነው የዋለው። አንገቱ ግርጌ ያለውን ናስ ደግሞ ሲጫነው ያንኑ ድምፅ ሊሰጥ ይሞክራል፣ ግን ያልፈዋል፤ ይቀጥናል።

«አጥሯል» አለ ለራሱ። «መንገዱ ነው ያጠረው።»

ሽቦዎቹን አላላ፤ ብርኩማዋን በአውራ ጣቱ ወደ ጅራቱ ገፋ፣ መልሶ ወጠረ፣ ነካ፣ ተጫነ። ቀረበ። እንደገና አላላ፣ ገፋ። እንዲህ እያለ ቀኑ ዘነበለ፤ ከዓይናለም በኩል የሚነሳው ነፋስ አቧራ እያመጣ ሲያስቸግረው በጋቢው ተከልሎ ሠራ። ቀጫጭኖቹ ተስማምተው ወፍራሞቹ ገና ሲያንገራግሩ ብርኩማዋን በእነሱ በኩል ጥቂት ሰያፍ አደረጋት። ያን ጊዜ ነካ ቢያደርገውም ቢጫነውም ድምፁ አንድ ሆነ። ማዘንጊያ ምድር ላይ ተዘርግቶ ሳቀ፤ ሸዋወርቅ ሳቁን ሰምታ ሮጣ ወጣች።

እሁድ ካፒታኖው ማንዶሊኑን ተቀብሎ ቆሞ ገረፍ ገረፍ አደረገው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ በናሶቹ ሁሉ ላይ ጣቱን አስኬደ። ሰውዬው ከአንገቱ ግርጌ ያለችውን ድምፅ አንድ ጊዜ መታ፣ ጆሮውን ዘንበል አደረገ፣ ደግሞ መታት። ከዚያ ለወልደአማኑኤል አንዲት ቃል ጣል አድርጎ ጀርባውን ሰጠ።

«ታመነን ውሰደው ብሏል» አለ ወልደአማኑኤል።

ታመነ ከስቶ፣ እግሩ አብጦ ወጣ። ማዘንጊያ አቅፎ ሳመው። ታመነም ሳመው፤ ግን ነገሩ የገባው አይመስልም። ኮረብታውን መውረድ ጀመሩ። ማዘንጊያ ደስታው አላስችል ብሎት ስለ ሙጫው፣ ስለ ብርኩማዋ፣ እንዴት ሊሞርድ እንደነበር ይለፈልፋል። ያ ዝምተኛ ሰውዬ ያን ቀን አፉ አልገጠምለትም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ፣ ቁልቁለቱ እኩሌታ ላይ ሳሉ ከካምፑ ማንዶሊኑ መዘመር ጀመረ።

ታመነ ቀጥ አለ። ተረከዙን ገጠመ፣ እጆቹን ጎንና ጎኑ ላይ ለጠፈ፣ ዓይኑን ፊት ለፊት ተከለ። ማዘንጊያ ያመመው መስሎት ክንዱን ያዘው።

«ምን ሆንክ?»

ታመነ ወደ ራሱ ለመመለስ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። ካፒታኖው በየቀኑ ሲመሽ እስረኛውን ሰልፍ አስይዞ ይጫወታል፤ እስኪጨርስ መቀመጥ የለም፣ የወደቀ ይገረፋል። ደስ ያለው ቀን ብዙ ይጫወታል። ዕቃው ከተሰበረ ወዲህ ግን ቁጥር ተቆጥሮ ወዲያው ይቀመጡ ነበር።

«አብሮን የታሰረው ጨው ነጋዴ፣ ሽማግሌው ሀሰን፣ እግሩ ቆስሏል» አለ ታመነ። «ያቺ ዕረፍት ነበረች በሕይወት ያቆየችው።»

ሁለቱም መንገዱ ላይ ቆመው ቀሩ። ከላይ ዜማው ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ፤ አንዲት ድምፅ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም። ካፒታኖው ደስ ብሎት ነበር፤ አልጨረሰም።