ሐዘኔ በጃፓንኛ

የበደለችኝ የባሌ እህት ናት። የበደለችኝም ባሌ በተቀበረ ማግስት፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከጉኑኖ የመጡት ለቀስተኞች ገና ሳይቀመጡ ነው። እኔ አግዳሚው ወዴት እንደሚዞር እያሳየሁ ነበር። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «እሷ እኮ አላዘነችም» አለች። ዞሮ ያየኝ ሰው የለም፤ ያልሰማ ሰውም የለም። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም። የት እንዳለቀስኩ የራሴ ጉዳይ ነው፤ እዚህም አልጽፈውም።

ነገሩን ድንኳኑ ውስጥ ብትተወው ኖሮ እኔም እተወው ነበር። እሷ ግን ጃፓን ላለው ልጄ ደወለችለት። ልጄ ለትምህርት ሄዶ፣ እዚያው ሥራ ይዞና አግብቶ የቀረ ነው፤ ለአባቱ ቀብር መድረስ አልቻለም። «እናትህ እንባ እንኳ አልወጣትም፣ አላዘነችም አልኩት፤ ምን ልደብቀው?» ብላ ራሷ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ የእሁድ የቪዲዮ ስልካችን አጠረ። «እማ፣ ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» ስለ አባቱ ሳይነሣ ስልኩን ለሚስቱ ይሰጣታል። ሚስቱ ጃፓናዊት ናት፣ አማርኛ አታውቅም፤ ወላይትኛማ ከየት አምጥታ! እሷ እጇን ታወዛውዛለች፣ እኔም አወዛውዛለሁ፤ በቃ።

ለልጄ በአማርኛ «አዝኛለሁ» ማለት አልሆነልኝም። የተከሳሽ መሐላ መሰለኝ። ለሚስቱ በቋንቋዋ ብነግራት ግን እሷ ትነግረዋለች ብዬ አሰብኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጃፓንኛ የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ያስተማረችኝ ተከራዬ ናት፤ ሶዶ ላይ ሒሳብ ለማስተማር በበጎ ፈቃድ የመጣች ጃፓናዊት። የጓሮውን ክፍል ይዛለች። አማርኛዋ የመጽሐፍ ስለሆነ ዶሮ እንኳ ስታባርር «ይውጡ» ነው የምትለው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጃፓንኛ «አንተ»ና «አንቺ» አይለይም አለችኝ። እኔ ከሁምቦ ተድሬ ሶዶ ስገባ አማርኛዬ ቁርጥራጭ ነበር። በማግስቱ ጠዋት አማቴን፣ ያንን ሽበታም ሽማግሌ፣ «እንዴት አደርሽ?» አልኳቸው። የባሌ እህት ይህን በየሠርጉ አውርታዋለች። አማቴ ሞተው እንኳ አልተወችውም። ስለዚህ እንደ ወላይትኛዬ «አንተ»ና «አንቺ» የማይለይ ሌላ ቋንቋ አለ ሲሉኝ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ ልበልህ፣ የት ነበርሽ?» አልኩት።

ደስታዬ ቅጽል ላይ ስንደርስ አለቀ።

በአማርኛ ቅጽል እንደ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ «ነው»ና «ነበር»፣ «አይደለም»ና «አልነበረም» ዙሪያውን ይላላኩለታል። በጃፓንኛ ግን ራሱ ቃሉ ነው የሚነሣው። «ካራይ» ማለት የሚያቃጥል ነው። ካላቃጠለ «ካራኩናይ»፣ ትናንት ካቃጠለ «ካራካታ»፣ ትናንት ካላቃጠለ «ካራኩናካታ» ይሆናል። የመጨረሻውን ስለው ጠጠር ያለበት ጣሳ ቁልቁለት የሚንከባለል ይመስለኛል።

ያስተማረችኝ በዳጣ ነው፤ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የተወቀጠበት የእኛ ማባያ። አንድ ማንኪያ አቀመስኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አሁን ምን ይላሉ፣ እማማ?» አለችኝ።

«ካራይ።»

«በልቼ ጨርሻለሁ። ስለዚህ ካራካታ።»

«አፍሽ አሁንም እየተቃጠለ አይደል እንዴ? ይኸው ታለቅሻለሽ!»

«ለአፌ ካራይ ነው። ለዳጣው ካራካታ ነው።»

«አፍሽና ዳጣው ምን ለያቸው?»

ውኃ ጠጣች።

ቀጥሎ ቅጽሎቹ ሁለት ዘር ናቸው አለችኝ። በ«ኢ» የሚያልቁት ራሳቸው ይለዋወጣሉ፤ ሌሎቹ እንደኛዎቹ ተቀምጠው «ዴሺታ» የተባለ «ነበር» ይላላክላቸዋል። እሺ፣ ይህ ገባኝ ብዬ ሳልጨርስ «ኪሬይ» መጣች፤ ቆንጆ ማለት ናት። መጨረሻዋ «ኢ» ነው፤ ግን ከእነዚያ አይደለችም፤ ከተቀማጮቹ ናት። መልኳ የአንዱ ቤት፣ ዘሯ የሌላው። «ይህችን አውቃታለሁ፤ የባሌ እህት ናት» አልኩ። ተከራዬ ቀልዱ አልገባትም።

ከሁሉ የባሰው «ጥሩ» ነው። ጥሩ «ኢ» ይባላል፤ ጥሩ ነበር ሲሆን «ዮካታ» ይሆናል። ስሙን ቀየረ እኮ! «ጥሩ ነገር ሲያልፍ ለምን ስሙ ይለወጣል?» ብላት፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ» አለችኝ። ስለ ባሌ «ጥሩ ሰው ነበር» ልል ፈልጌ «ዮካታ» ብዬ ጀመርኩ፤ አይሆንም አለች። «ሰው» የሚለው ቃል ከተከተለው ጥሩው እንዳለ ይቀመጣል፣ የሚያልፈው ሰውየው ነው። አልገባኝም። ዛሬም በደንብ ገብቶኛል አልልም።

አንድ ቀን ወደ ራሴ ጉዳይ መጣሁ። ሐዘን «ካናሺ» ነው፤ አዝኜ ነበር ለማለት «ካናሺካታ»። «ዴሺታን እንዳይጨምሩበት» ብላ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ እንደዋዛ «እሷ አላዘነችም እንዴት ይባላል?» አልኳት።

እርሳሷን አስቀመጠች። «ስለ ማን ነው?»

«ስለ አንዲት ሴትዮ።»

«እንዲህ አንልም፣ እማማ። ስለ ራስ ከሆነ እሺ። ስለ ሌላ ሰው ግን ያዘነች አትመስልም ነው የሚባለው።»

«እንዳላዘነች ባውቅስ?»

«እንዴት ያውቃሉ? ሆዷ ውስጥ ገብተዋል?»

«እናንተ አገር የባል እህት የለችም?» አልኳት።

«አለች።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

እርሳሷን መልሳ አነሣች። «ክፉ ነገር ትናገራለች። ሰዋስዋ ግን ትክክል ነው።»

«እሺ፣ የባሌ እህት ቀንታብኛለች ልበል።»

«የቀናች ትመስላለች ይበሉ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የማውቃት ሴት ናት!»

«እንደዚያም ሆኖ ትመስላለች ነው።»

ተናድጄ ትምህርቱን አቋረጥኩ። ቋንቋው ለእኔ ይፍረድ ለእሷ አልገባኝም። የእሷን አፍ በያዘበት እጁ የእኔንም ያዘው።

እሁድ ሆነ። የባሌ እህት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ እኛ ቤት ትበላለች። «የአባቴ ቤት ነው» ስለምትል በር አታንኳኳም። ስልኩን ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፌ ተቀመጥኩ። ልጄ «ደህና ነሽ?» ካለ በኋላ ሚስቱ ስትመጣ፣ እጄን ሳላወዛውዝ፣ «ባሌ ሲሞት» የሚለውን በጃፓንኛ በትክክል ተናገርኩ። ከዚያ የአማርኛው «ነበር» ምላሴ ላይ ተቀመጠና «ካናሺ ዴሺታ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ስሕተቱን አወቅኩት።

ሳቋ ጠፋ። ቀስ ብላ «ካናሺካታ» አለች። እንግዲህ እርማት ይሁን፣ «እኔም አዝኜ ነበር» ማለቷ ይሁን አላወቅኩም። ቃሉ ማን እንዳዘነ አይናገርም። እስከ ዛሬም አላወቅኩም።

«ምንድን ነው የምትዪያት?» አለች የባሌ እህት ጉርሻዋን ይዛ።

የልጄ ፊት ስልኩ ላይ መጣ። «እማ፣ ማን አስተማረሽ?»

«ተከራይዋ።»

«አባባ ሲሞት አዝኜ ነበር ነው ያልሻት?»

«ተሳስቼ ተናግሬው ይሆናል።»

«ቃሉን ተሳስተሻል። ግን ገብቶናል።» ዓይኑን ከስልኩ አነሣና መለሰው። «ለእኔ እኮ አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝም።»

የባሌ እህት ሳቀች። «ወይ ጉድ! በአማርኛ ያልወጣ እንባ በጃፓንኛ መጣ!»

ልጄ አልሳቀም። «አክስቴ፣ ከእማ ጋር ልናወራ ነው» አላት። ስልኩን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ስለ አባቱ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ያወራነውን አልጽፈውም።

ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ስልኩን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። ለባሌ እህት አልነገርኳትም።