የጉድጓዱ ማር

አየሁሽ በመተማ አቅራቢያ የምትገኘው የሽንፋ መንደር ገበሬ ልጅ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ጣሊያን መተማ ሲገባ እንግዳው ከሚባል ወጣት ጋር ትዳር ከያዘች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እንግዳው ጠመንጃውን አንግቶ በረሃ ሊገባ ሲነሣ አባቱን ለእሷ አደራ ሰጣት።

«ዓይናቸው ደክሟል። ይዘሻቸው ወደ ሱዳን ተሻገሪ። ክረምቱ ሳይጠና መጥቼ እወስዳችኋለሁ» አላት።

አባቱ መሪጌታ ገብረማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አገሩ ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሰው ናቸው። አየሁሽ የበትራቸውን ጫፍ ይዛ እየመራች ደረቁን ፈፋ ተሻገረች። ማዶው እንግሊዝ የሚገዛው ገላባት ነው። እዚያ ስደተኛው ስለበዛ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ ገዳሪፍ ዘለቁና በከተማው ዳር፣ በማሽላ አገዳ አጥር የተከበበች አንዲት የሣር ጎጆ አገኙ።

ክረምቱ ጠና። እንግዳው አልመጣም።

«ነገ ይመጣል» አሉ የኔታ።

አየሁሽ ጓሮዋ ውስጥ ባምያ የሚሉትን አትክልት ልትዘራ ስትቆፍር ድምፁን ሰምተው ጠሯት። «ነገ ለምንለቀው አፈር ምን ያደክምሻል?» ተወችው። አንዲት የአረብኛ ቃል ከአፏ ካመለጠችም «ምላስሽን አታስለምጂው፤ ነገ አገርሽ ትገቢያለሽ» ይሏታል። ውሃ ቀድታ ትመለሳለች፣ ታበስላለች፣ አጥሩ ሥር ትቀመጣለች። ውሃ ወረፋ ላይ ሴቶቹ ሲስቁ በእሷ ይሁን በሌላ አታውቅም። አንዳንድ ቀን አገዳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በክፍተቱ መንገዱን ስታይ ትውላለች። ላሞቹ ተሰማርተው በረት ውስጥ የተረሳች ጥጃ የሆነች ይመስላት ነበር።

ሁለተኛውም ክረምት እንዲሁ አለፈ።

ጎረቤታቸው ሐሚዳ የመተማ ነጋዴ ልጅ ስትሆን ገዳሪፍ አግብታ የቆየች ናት። ባሏ ግመል የሚያዞረው የሰሊጥ ዘይት መጭመቂያ ነበረው። አንድ ቀን ስኳር የበዛበት ሻይ በአጥሩ ላይ አቀበለቻት። አየሁሽ ግማሹን ጠጥታ የቀረውን ለየኔታ ወሰደችላቸው። ቀመሱና አስቀመጡት።

«ጣፈጠሽ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። አበው ከጥንት ጀምሮ የሚናገሩት ምሳሌ አለ። አንድ ሰው አውሬ ሲያባርረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሲወድቅ ከጉድጓዱ አፍ የበቀለ ዛፍ ያዘና ተንጠለጠለ። ቁልቁል ቢያይ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሽቅብ ቢያይ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ። አይጦቹ ዕድሜውን የሚጨርሱት ቀንና ሌሊት ናቸው። በዚህ መካከል ከቅጠሉ ላይ ማር ጠብ አለለት። ላሰው። ሲልስ ሁሉንም ረሳው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም። ማሩ የዚህ ዓለም ጣዕም ነው። የሰው አገር ስኳር አገርሽን እንዳያስረሳሽ።»

የጉድጓዱ ሰውዬ ግን ከአየሁሽ ሐሳብ አልወጣም። ስታበስልም ስትጠርግም «ምነው ለመውጣት እንኳ አልሞከረ?» ትላለች ለራሷ።

የሚበሉት ሲያልቅባቸው ሐሚዳ ሥራ ሰጠቻት። አየሁሽ በመጭመቂያው ግቢ፣ ራኩባ ከሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሰሊጥ ታበጥር ጀመር። ከአረብኛው መጀመሪያ ሰላምታውን ያዘች፤ ቀጥላ ዋጋ መከራከር። አንድ ቀን በስፍር ሊያታልላት ከሞከረ ደላላ ጋር በአረብኛ ስትጨቃጨቅ ሐሚዳ እስኪያማት ሳቀች።

«አሁን ለመድሽ! በሰው ቋንቋ መጣላት የቻለ ሰው ለምዷል።»

ማታ ስትመለስ ግን ያው አጥር፣ ያው ጎጆ ነው። የኔታ እግሯን ሲሰሙ «ማሩን ስትልሺ ዋልሽ?» ይሏታል። የሥራዋ ደስታ እደጁ ላይ ይቀራል።

በ1932 ሰኔ፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ የሚያነክስ አርበኛ ለቁስሉ ዘይት ሊለምን ወደ መጭመቂያው መጣ። ስሙ ያረጋል ነው፤ ጎጃሜ። አተኩሮ አያት።

«የእንግዳው ባለቤት አይደለሽም? በረሃ ስንገባ ስትሸኚው አይቼሻለሁ። እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ።»

«በማን?» አለች።

ሰውዬው ደነገጠ። «በእንግዳው ነዋ። በመጀመሪያው ክረምት ቋራ ላይ አጠገቤ ነው የወደቀው። በተከታዩ በጋ በዚህ ሳልፍ የኔታን አረዳኋቸው። አንቺ ውሃ ልትቀጂ ሄደሽ ነበር።»

አየሁሽ ወንፊቱን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ሄደች።

«ምነው በጊዜ?» አሉ የኔታ።

«እንግዳው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ነገ…»

«ያረጋልን አግኝቼዋለሁ።»

የኔታ በትራቸውን ይዳብሱ ጀመር። አጠገባቸው ነበር፤ አላገኙትም። «ብነግርሽ ትሄጂያለሽ። አንድ ልጄ ነበር። አንቺም ከሄድሽ እጄን ማን ይይዘዋል?»

«ማሩ የሐሚዳ ስኳር አልነበረም፣ የኔታ። ‹ነገ› የሚሉኝ ነው። እርስዎ ሲያንጠባጥቡልኝ፣ እኔ ስልስ፣ ይኸው ዕድሜዬ ተቆረጠመ።»

«እኔም ስልስ ነበር፣ ልጄ» አሉ። በትሩን መፈለጉን ተዉት። «ካልነገርኋት አልሞተም እያልሁ።»

አየሁሽ ትታቸው ወጣች። ሐሚዳ ቤት ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ውሃ ወረፋ ላይ የምታውቃቸው ሴቶች እየመጡ አብረዋት አለቀሱ። በአረብኛ የሚሉትን ሁሉ ሰማች፤ መለሰችላቸውም። ለቅሶው በረድ ሲል ወደ ጎጆው ብቅ ብትል የኔታ ብቻቸውን ቆመው ለልጃቸው ፍትሐት ሲያዜሙ አገኘቻቸው። ምድጃው ቀዝቅዟል። ይቅር አላለቻቸውም፤ እሳት ግን አነደደችላቸው።

በ1933 ጥር መጨረሻ ጣሊያን መተማን ለቀቀ። መንገዱ ሲከፈት አየሁሽ የኔታን እየመራች ሽንፋ አደረሰች፤ አገኘሽ ለምትባል የእህታቸው ልጅም አስረከበቻቸው። የእንግዳው ተዝካር ወጣ። ዘመዶቹ ለእሷ ጎጆ ቀልሰው ጠበቋት፦ «መበለት ነሽ፤ ሽማግሌውን እየጦርሽ ከዚሁ ኑሪ።» ስንት ጊዜ የተመኘችው መንደር ነው። የጎጆውን በር ጎንበስ ብላ ስትገባ ግን የገዳሪፉ የአገዳ አጥር ትዝ አላት። ሁሉም ስለ እሷ አስቦ ጨርሶ ነበር፤ እሷን የጠየቃት የለም።

ወደ ገዳሪፍ መመለስ እንደምትፈልግ ለየኔታ ነገረቻቸው። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ዳበሱ።

«ልጄ የሰጠሽን አደራ ዛሬ ከትከሻሽ አውርጄዋለሁ» አሉ። «ሂጂ። እግዜር ይከተልሽ።»

ወደ ገዳሪፍ ተመለሰች። ሽንፋ ላይ «አማቷን ጥላ ሰው አገር ገባች» ብለው አሟት። ወሬው በሰሊጥ ነጋዴዎች አፍ ተሻግሮ ደረሰባት። ያን ዕለት ቀኑን ሙሉ ቀና ሳትል ስታበጥር ዋለች። ሐሚዳ ምሳ ብታቀርብላት አልበላችም። በማግሥቱ ፊቷን ታጥባ ሥራዋ ገባች።