ፎጣ የለበሱት ስፒከሮች

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ነግሬያለሁ፣ ጠጥቼ ሰው መሳደቤንም ነግሬያለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። የስፒከር ወሬ ለቄስ ምኑ ይነገራል እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ውሸት ነው። የደበቅኳቸው ነገሩ እንዳይገባቸው ፈርቼ ሳይሆን እንደሚገባቸው አውቄ ነው።

መስፍን እባላለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ ሰርግ ላይ ኪቦርድ እየተጫወትኩ፣ እየዘፈንኩም እኖራለሁ። ጎረቤቴን ፈትያን በድያታለሁ። ያውም አስቤበት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ፈትያ ያኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ትማራለች። ምን እንዳሰበች ስትነግረኝ ቀናሁባት፤ እንዴት እኔ ሳላስበው አልኩ። የሰፈራችን ሴቶች በትልቋ ሴት በአዴ ሀሊማ መሪነት ድቤ እየመቱ ለሙሽራ የሚዘፍኑት ዘፈን አለ። ወንድ ባለበት አይዘፍኑትም። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ከግድግዳ ማዶ ሆኜ ነው። ቀጂው ሁሉ ወንድ ስለሆነ ማንም ቀድቶት አያውቅም። ፈትያ የእናቷን ጓዳ በአሮጌ ፍራሽ ዙሪያውን ሸፍና፣ ትንሽ ስቱዲዮ አድርጋ፣ እነ አዴ ሀሊማን እዚያ ልትቀዳቸው ነበር። የቀራት ስፒከር ብቻ ነው።

«መስፌ አቦ፣ አንተ ነህ የምታውቀው። አብረን እንሂድና ምረጥልኝ» አለችኝ።

እኔ ነኝ የማውቀው! ሄድኩላት።

ቀፊራ ገበያ አጠገብ አብዲ የሚባል ሰው የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። ከአቅሟ የማያልፉ ሁለት ጥንድ አወጣልን። አንደኛው ጥንድ ትንንሽ፣ ጥቁር፣ ለዓይን የማይሞላ የስቱዲዮ ሞኒተር ነው። ሌላው ትልልቅ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል፣ ሲከፈት ደረት የሚደልቅ። ለማያውቅ ልንገር፤ የቤት ስፒከር ዘፈኑ እንዲጥም ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ እየጨመረ ነው የሚያሰማው። ሞኒተር ግን የተቀዳውን እንዳለ ለማውጣት የተሠራ ነው፤ አያስውብም፣ አይሸፍንም። ድምፅ የሚያቀናብር ሰው ስህተቱን የሚያገኘው በእሱ ነው። ይህን እኔ በደንብ አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር። ይህችን ያዙልኝ።

አብዲ እኔን ደስ ሊያሰኝ ብሎ በትንንሾቹ ላይ የእኔን የሰርግ ዘፈን ለቀቀው። የከተማው ባጃጅ ሁሉ የሚያጫውተው፣ ስሙ መጠሪያዬ የሆነ፣ የምኮራበት ዘፈን ነው። ሁለተኛው አዝማች ላይ «ሙሽራዬ» ብዬ ድምፄን አስረዝመዋለሁ። እዚያ ሲደርስ ድምፄ ሲወርድ ሰማሁት። ከቃናው ተንሸራቶ፣ ተንገዳግዶ፣ እንደምንም ሲመለስ። ስንት ዓመት ቤዙ ሸፍኖልኝ ኖሮ!

ፈትያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ነበር የምትሰማው።

«መስፌ፣ እዚህ ጋ ድምፅህ ወረደ አይደል?»

ክፋት አልነበራትም። መማር የፈለገ ሰው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀችኝ። አብዲ ግን «ወላሂ እውነቷን ነው!» ብሎ ሳቀ። ቻርጀር ሊገዙ የመጡ ሁለት ልጆችም ሳቁ። እኔ እጄን ሰድጄ ድምፁን ቀነስኩት።

ከዚያ አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኳት፦ «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው። ቤዝ የሚባል ነገር የለውም። ትልልቆቹን ውሰጂ።»

አብዲ «ለቀረጻማ ትንንሾቹ...» ብሎ ሊጀምር ሲል «አንተ ትሸጣለህ፣ እኔ እሠራበታለሁ» ብዬ አፉን አስዘጋሁት። ፈትያ አንዴ እኔን፣ አንዴ ትንንሾቹን አየች። አመነችኝ። ትልልቆቹን ባጃጅ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ። እሷ መንገዱን ሙሉ ስታመሰግነኝ እኔ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አይ ነበር።

እንጀራዬን ልትነጥቀኝ ነበር እንዳልል፣ እነዚያ ሴቶች እኔን ቢሞቱም አያስገቡኝም። ወጣት ነበርክ እንዳትሉኝ፣ አርባ ልሞላ ጥቂት ነበር የቀረኝ። አንዲት ልጅ በሁለት ቻርጀር ገዢዎች ፊት እውነት ተናገረች፤ ለዚህ ነው። ለዚህ ብቻ! ሰው ለዚህ ሰው ይበድላል?

ወራት ፈጅታ ቀዳቻቸው። ስፒከሮቹ ድቤውን እያሳበጡ ያሰሟታል፤ እሷ በዛ ብላ ትቀንሳለች። የአዴ ሀሊማን ወፍራም ድምፅ ያጎረንኑባታል፤ እሷ ታቀጥነዋለች። የሰማችውን ነው ያስተካከለችው። የምትሰማው ግን ውሸት ነበር፤ ውሸቱን የመረጥኩላት እኔ ነኝ።

ሥራዋ መጀመሪያ የተሰማው በአንድ ዘመዷ ሰርግ ላይ ነው፤ ወንድ ፊት አይዘፍኑም እንጂ ቅጂው እንዲሰማ ሴቶቹ ፈቅደው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ፍላሹን ከእጇ ተቀብዬ የሰካሁትም እኔ። ድቤው የለም። የሴቶቹ ድምፅ የቆርቆሮ ጩኸት ሆኗል። ከሴቶቹ በኩል ሳቅ መጣ። አዴ ሀሊማ ጉዳዩን ለመጨረስ ያህል «አጥፉት» አሉ። አጠፋሁት። ፈትያን ቀና ብዬ አላየኋትም።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «መስፌ፣ ቤት ስሰማው እኮ እንዲህ አልነበረም። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ስፒከሩ ነው።» ሁለት ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ሁለት ቃል ብቻ! እነዚያን ትልልቆች ለአብዲ መልሰን፣ ትንንሾቹን አምጥተን፣ ቅጂውን እንደገና ብታቀናብረው በሳምንት ያልቅ ነበር። ታዲያ ምን አልኳት?

«ጆሮ የተፈጥሮ ነው፣ ፈትያ። በትምህርት አይመጣም።»

ይህን ያልኩት ለማን ነው? በቀፊራ ጫጫታ መሐል፣ ከተማው በሙሉ ያላወቃትን አንዲት የወረደች ድምፅ ለለየች ልጅ ነው! የእሷን የመሰለ ጆሮ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ጆሮ የለሽም አልኳት። እናቷ «እሱ ካለ ነው እንግዲህ፣ ልጄ» ብለው ትከሻዋን ያዟት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ አልነበረም። ለምርኩዝ እንኳ እንዳይመቻት አድርጌ ነው የሰበርኳት።

ኮምፒውተሩን ሸጠች። ቅጂውን አጠፋችው። ፍራሾቹን ከግድግዳው አንስታ ለሰው ሰጠች። ይኸው ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም ጠዋት ጠዋት የፓርኩን ሰርቪስ ለመያዝ በደጄ ታልፋለች፤ «መስፌ፣ እንዴት አደርክ?» ትለኛለች። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ። የእግዚአብሔርን ስም ለዚህ እጠራለሁ!

ጉዴ ገና አላለቀም። ባለፈው ዓመት እቤቴ ትንሽ ስቱዲዮ ከፈትኩ። ምን ስፒከር የገዛሁ ይመስላችኋል? እነዚያኑ ትንንሾቹን። የልጅ መጫወቻዎቹን። አብዲ ሲያሽግልኝ ቀና ብሎ አየኝ። ፈትያ በድንገት ብትገባስ ብዬ ፎጣ አለብሳቸዋለሁ። ለሚስቴ ለአቧራ ነው ብያታለሁ።

ገባች። ባለፈው ሳምንት፣ የእህቷ ሰርግ መድረሱን ልትነግረኝ መጣች። አዴ ሀሊማ አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ሳይደክም ዘፈኑ እንዲቀዳ ፈልገዋል። የምትቀዳ ሴት ስለሌለች ሴቶቹ ደንባቸውን ሊለቁ ነው፤ መጋረጃ ተጋርዶ እኔ እንድቀዳቸው ተስማምተዋል።

«አንተ ጆሮ አለህ» አለችኝ ፈትያ፣ እየሳቀች። «እኔማ ያልከውን አልረሳሁትም።»

እኔስ? ከፎጣው ፊት ቆሜ «አብሽሪ፣ እሠራዋለሁ» አልኳት። ጅብ እንኳ የነከሰውን ውጦ ይሄዳል፤ እኔ ተመልሼ መጣሁ። የእሷን ሥራ፣ የእሷን ወንበር፣ የሴቶቹን ደንብ ጭምር ልወስድ እሺ አልኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ ፎጣውን አላነሳሁም።

ቀረጻው ቅዳሜ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከሰዓት ከሥራ ስትገባ እሷን፣ እናቷንና አዴ ሀሊማን ቤቴ ጠርቻቸዋለሁ። ይቅር በይኝ ብዬ አልጀምርም። ደግ ናት፣ ገና ሳልጨርስ «አብሽር አቦ» ትለኛለች፤ እኔም ቀልሎኝ እወጣለሁ። አይሆንም። መጀመሪያ ፎጣውን አነሳለሁ፤ ስፒከሮቹን ትያቸው። ከዚያ ያን ዘፈኔን እለቀዋለሁ። ሁለተኛው አዝማች ሲደርስ በእናቷና በአዴ ሀሊማ ፊት «ምን ሰማሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ።

ትሰማዋለች። ትናገረዋለችም። እኔም ድምፁን አልቀንስም።