በሐዘን ቤት ቴሌቪዥን ማሞቅ

ባሌ በሞተ ዕለት ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የተደረገው ነገር ቴሌቪዥኑን ማጥፋትና መሸፈን ነበር። እትዬ የምላቸው የባሌ ታላቅ እህት ከቀወት ገጠር በባጃጅ ደርሰው፣ ገና ደረታቸውን ሳይመቱ፣ «ያንን ነገር አልብሱት!» አሉ። ጥቁር ጨርቅ ተፈልጎ ለበሰ። እኔ ራሴ ጥቁር ያገኘሁት ከሱ በኋላ ነው።

ቴሌቪዥኑ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው፣ ሁለት ሰው ካልሆነ የማያነሳው የድሮ ዓይነት ነው። ከላዩ ካሴት የሚያጫውት ዴክ ተቀምጧል። ባሌ በደሴ መንገድ ዳር በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉትን ዕቃዎች ይጠግን ነበር። የሸዋ ሮቢትን የሞተ ቴሌቪዥን ሁሉ ሲያስነሳ የኖረ ሰው፣ ስኳሩ ሲጥለው እሱን የሚያስነሳ ጠፋ። ይህን ስናገር ሰው ይቆጣኛል። እሱ ቢሰማ ግን ይስቅ ነበር፤ አነጋገሩን የተማርኩት ከሱው ነው።

የቤታችንን ቴሌቪዥን ለኔ እንዲቀል አድርጎ ነበር ያዘጋጀው። ሪሞቱ ላይ ሦስት ቁልፍ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሁሉ በቁስል ፕላስተር ሸፈነው። አንዱ ማብሪያ፣ አንዱ ወደ ዴኩ መሄጃ፣ አንዱ የድምፅ። ማብሪያውን በራሴ የጥፍር ቀለም ቀይ ቀባው። «ከነዚህ ሌላ ካማረሽ ጥሪኝ» ይለኝ ነበር። ዴኩን በጥጥና በአረቄ ያጸዳል። ለዴኩ ጥጧን የምታረጥብ ያህል፣ የተረፈው ለጠጋኙ።

አንድ ሕግ ነበረው፦ አሮጌ ዕቃ ሳይበራ ከሰነበተ አይነሳም። የኛ ቆላ አቧራው ደቃቅ፣ ክረምቱ ወበቅ ነው። እርጥበቱና አቧራው ሆዱ ውስጥ ገብተው ይጋባሉ፤ እንሽላሊትም ለጎጆ ትመርጠዋለች። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ ለአፍታ በርቶ መሞቅ አለበት። «እንዳንቺ ነው፣ ዝም ካሉት ይበላሻል» ይል ነበር።

እትዬ ግን እስከ ሙት ዓመቱ ተሸፍኖ ይቆያል ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ ለቆራሌው ይሰጣል፤ ልጃቸው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ቀጭን ይገዛልኛል።

የቴሌቪዥኑን መሞት እንኳ እችለው ነበር። ያስጨነቀኝ አብሮት የሚሞተው ዴክ ውስጥ የቀረው ካሴት ነው። አንድ ጊዜ ሰው ካሜራ አሠርቶ ነበር፤ ባሌ መሥራቱን ለማየት ወደ ራሱ አዙሮ ቀረጸ። ከዚያ ወዲህ የጠገነውን ዴክ ሁሉ የሚሞክረው በዚያ ካሴት ሆነ። የሠርጋችን ካሴት ከተበላሸ ቆይቷል፤ ባሌ የሚናገርበት የቀረኝ ይህ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ከኛው ሌላ ዴክ ውስጥ ሲገባ ዝናብ የመሰለ ነጠብጣብ እንጂ ሰው አያሳይም። ብዙ ከማጫወት እንደ ባለቤቱ አመለኛ ሆኗል።

ስለዚህ በቀትር ላሞቀው ወሰንኩ። ሸዋ ሮቢት በቀትር ሬሳ ናት። ሙቀቱ ሰውንም ውሻውንም ባለባጃጁንም ጥላ ሥር ዘርግቶ ይጥላል። እትዬም ለለቅሶ ደራሽ ከተነጠፉት ፍራሾች አንዱ ላይ ማንኮራፋት ጀመሩ። እጄን ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ሰድጄ የቴሌቪዥኑን የራሱን ማብሪያ ተጫንኩ።

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ የነበረበትን ድምፅ አይለቅም። ባሌ በመጨረሻው ጊዜ ጆሮው ደክሞ ስለነበር፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ ነው የሞተው።

የገጠመኝ ዘፈን ነው። ያውም የሠርግ። ከበሮው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው፤ ጥቁር የለበሰ ቴሌቪዥን እልል ይላል! ማብሪያውን መልሼ ብጫነው ተቀርቅሮ ቀረ፤ እሱን ማውጣት የሚያውቀው የባሌ ጣት ብቻ ነበር። ሪሞቱን አነሳሁ፤ ድንጋዩን ለቅሶ ያደረ ሰው አውጥቶ የእጅ ባትሪ ውስጥ ከቶታል። ሲጨንቀኝ ባዶ ፍራሽ አንስቼ ጫንኩበትና ተደገፍኩት።

እትዬ ብድግ አሉ። «ማን ዳረ? ማን ነው የዳረው?»

«ቴሌቪዥኑ ነው፣ እትዬ።»

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ!»

«አፈሩማ በዚህ ፀሐይ የዚያኑ ዕለት ደርቋል» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው፣ ሳያማክረኝ ይቀድማል።

በዚህ መሐል ሽንኩርት የምትነግደው ጎረቤቴ ሻሿን እያስተካከለች ገባች። እስላም ናት፤ እነሱ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ሳታገባ የምትጠብቀው ጊዜ ዒዳ ይባላል።

«ሱብሃነላህ! ዒዳሽ ሳያልቅ አገባሽ እንዴ?» አለችኝና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ገብታ ሶኬቱን ነቀለችው። ጸጥ አለ። ከውጭ ውሻ ብቻ ይጮሃል።

«ይህ ጋኔን ዛሬውኑ ለቆራሌው ይሰጥ!» አሉ እትዬ።

«እሱ ምን አጠፋ፣ እትዬ?» አለች ጎረቤቴ። «ወላሂ፣ እኛ ዘንድ ሐዘን የምትቀመጠው ሚስት ናት፣ ዕቃ አይቀመጥም።»

«አንቺ ዝም በይ።»

ያኔ የካሴቱን ነገር ነገርኳቸው። እትዬ አይተውት አያውቁም። «አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት። ከዚያ ለፈለጉት ይስጡት» አልኩ። እትዬ ተመልሰው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ድንጋዩን ከእጅ ባትሪው ወደ ሪሞቱ መለስኩ። ጨርቁን ገፈፍኩ። ጎረቤቴ ሶኬቱን ስትሰካ ዘፈኑ መጣ፣ ቶሎ ብዬ ወደ ዴኩ አዞርኩት። ዴኩ አጉረመረመ፣ አሳለ፣ ነጠብጣብ አሳየ። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ የባሌ አፍንጫ ወጣ። መስታወቱን ሞላው።

«አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት። ይሰማል?» ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። «አንቺ ሴትዮ፣ ከመብራቱ ፊት ዞር በይ! ዳሌሽን ነው እንዴ የምቀርጸው?»

«አፍንጫህን ከምትቀርጽ እሱ ይሻልሃል» ይላል የኔ ድምፅ ከጎን። ከዚያ እስኪያስለው ይስቃል፣ ካሜራው ይዘቀዘቃል፣ ጣሪያ ይታያል፣ ያልቃል። ሌላ ምንም የለውም።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ላጽናና ጠጋ ስል ሳቅ ነው። እንባውም አለበት።

«ድገሚው» አሉ።

«ድምፁን ልቀንሰው?»

«እንዳትነኪው። እሱ እንደተወው ይሁን።»

እትዬ ወደ ቀወት ከተመለሱ ወዲህ በየሁለት ሦስት ቀኑ፣ ከተማው በተዘረረበት ቀትር፣ ይደውላሉ። ሰላምታ የለም።

«አሞቅሽው?»

«አሞቅሁት፣ እትዬ።»

«ምን አለሽ?»

«ዞር በይ አለኝ።»

«ታዲያ፣ ዞርሽ?»

«አልዞርኩም።»