የመጀመሪያው ማንኪያ

በከተማችን እትዬ ፒልናምን የማያውቅ የለም፤ ፊቷን ታጥባ ያያት ግን ጥቂት ሰው ነው። ጋክሶሪ ነበረች፤ የለማኝ ቡትቶ ለብሶ፣ ቅል ይዞ፣ በየገበያው እየዘፈነ ከሚለምነው ወገን። ዱሮ ጋክሶሪዎች የምር ለማኞች ነበሩ፤ ዛሬ በዓል ይደገስላቸዋል፣ ከንቲባው ሳይቀር ቡትቶ ለብሶ ፎቶ ይነሳል። እሷ ጥላሸት ተቀብታ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿን አጥቁራ፣ የተጣጣፈ የወንድ ሱሪ በገመድ ታጥቃ ስትወጣ ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው እንኳ ይስቃል። አባቷ ፒልናም ብሎ የሰየማት "ቀጥሎ እንኳ ወንድ ይሁን" ብሎ ነው። ወንዱ አልመጣም። "ምን ላድርግ፣ ሱሪውን እኔው ታጠቅኩለት" ትል ነበር።

እኔ ጁምሬ እባላለሁ፤ ገበያው መግቢያ ላይ ኑድል እቀቅላለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት የከተፍኩት የእሷን መቀስ እየሰማሁ ነው። ያ የጣፋጭ ሻጮች ሰፊ መቀስ ምንም አይቆርጥም፣ ሥራው ማቃጨል ብቻ ነው። እሷ እጅ ሲገባ ግን ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ ያስጨፍር ነበር።

በቅሉ ግን ቀልድ አታውቅም። በበዓሉ ቀን ሕዝቡ ቅሉ ውስጥ የሚጨምረው ምግብ ከቤት መውጣት ላልቻሉ ነው፤ የመጀመሪያውን ማንኪያ ከእነሱ አንዱ ሳይቀምስ ማንም አይነካውም። የተቀበለም ስንኝ ይዘፍናል። "ሳይዘፍን የበላ ሌባ ነው" ትላለች፤ አልጋ ላይ የዋለው ሁሉ እንደ ምንም ያጉረመርምላታል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። የተረፈውን የቡድኗ ተጫዋቾች ክብ ሠርተው ሲበሉ እሷ ግን እኔ ጋ መጥታ ኑድሏን ትበላለች። ከቅል ጎርሳ አታውቅም።

"ከቅሉ ብትበዪ ይነክስሻል?" አልኳት አንድ ዝናባማ ቀን።

"ነክሶኛል" አለች።

ሰሜኑና ደቡቡ ከተዋጉበት ጦርነት በኋላ ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ እግሩ ቆስሎ ድልድይ ሥር ተኝቷል። አንዲት ሴት ቅሏን ትኩስ ሩዝ ሞላችላት። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ልጉረስ አለች፤ ከዚያ ደገመች፤ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቅሉ ባዶ ነበር። "አልሰጡሽም?" አላት አባቷ። "አልሰጡኝም" አለችው። "አይዞሽ ልጄ፣ ነገ ይሰጡሻል" አላት። በነጋታው ሰጧት። ይዛ ስትመለስ የሚበላው ሰው አልነበረም።

ይህን ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ። እኔም እስክትሞት ድረስ ለማንም አልተነፈስኩም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምቱ ብርድ ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇ ዛለ፣ ምላሷ ተሳሰረ። የእኛ አውራጃ ሰው ሲናገር ይንቀረፈፋል እያሉ ይቀልዱብናል፤ እሷ ደግሞ ከእኛም ባሰች። የቡድኑ መሪ ዳልሱ፣ ከበሮ መቺው፣ "ቁጭ ብለው ይታዩልን ብቻ" ብሎ ለመናት።

"መቀስ የማይዝ ጋክሶሪ ምን ይባላል? ተራ ለማኝ!" ብላ በሯን ዘጋችበት።

የበዓሉ ቀን እኩለ ቀን ላይ ቅሉ ጢም ብሎ ሞላ። ዳልሱ "የመጀመሪያው ማንኪያ ዘንድሮ ለማን ነው?" አለ። ከዚያ አንዱ "ሕጉ ከቤት መውጣት ላልቻለ አይደል የሚለው?" አለ። ከበሮውን አንስተው ወደ ቤቷ ጉዞ ሆነ። ምስጢሯን ሳላወጣ ምን ብዬ ላስቁማቸው? ሽርጤን ሳልፈታ ተከተልኳቸው።

ከበሮው ሲሰማት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ቅሉን ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ።

"ውሰዱልኝ! እኔ ለማኝ አይደለሁም!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አርባ ዓመት ስትለምን የኖረች ሴት! እኔ ግን አልሳቅኩም፣ አንጀቴን በላችው።

"እማማ፣ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት" አላት ዳልሱ።

"ለታመመ ነው ያልኩት!"

"ታዲያ እርስዎ ዛሬ የት ሲጨፍሩ ዋሉ?"

"አፍህን ያዝ፣ አንተ የቆዳ ከበሮ!"

ዳልሱ ደጃፏ ላይ ዘፍ አለ። "እርስዎ ሳይቀምሱ አንነሳም። እዚያ ማዶ ስንቱ በሽተኛ ቅሉን እየጠበቀ ነው፤ እነሱም ይራቡ፣ እኛም እንራብ።"

እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሌሎቹ ከበሽታው መሰላቸው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና ጆሮዋ ሥር አንሾካሾክሁ።

"እትዬ፣ ያን ሩዝ ለአባትሽ ብታደርሺለት ኖሮ ብቻውን ይበላው ነበር?"

"የለም" አለች ወደ ግድግዳው እንደዞረች። "ግማሹን ለእኔ ይሰጠኝ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር።"

"እንግዲያው ግማሹ ያንቺ ነበራ።"

በግራ እጇ እንባዋን ጠረገች፣ ከዚያ በዚያው እጅ ጉልበቷን መታ መታ ማድረግ ጀመረች። ከአንድ እስከ አምስት ቆጥሮ ስንኝ የሚሞላውን የገበያውን የቁጥር ዘፈን ከአንድ ጀመረች። ምላሷ እየተጎተተ ሁለትን አለፈች፣ ሦስትን አለፈች፣ አራት ላይ ጠፋባት።

"ይበቃል እማማ፣ ይብሉ" አላት ዳልሱ።

"አይበቃም! ሌባ ልታሰኘኝ ነው?"

ከአንድ ጀመረች። አራት ላይ ደረሰች፤ አለፈችው። አምስት ላይ ስንኙን ዘጋችና እጇን ዘረጋች።

ዳልሱ ቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ማንኪያውን በግራ እጇ ይዛ፣ ግማሹን ሩዝ ቀሚሷ ላይ እያፈሰሰች ጎረሰች። ቀስ ብላ አላመጠች። ቀና ስትል ዳልሱን አላየችውም፣ እኔንም አላየችኝም።

"ሰጡኝ፣ አባዬ" አለች።